አማቴ የሞሉልኝ ጥይት

ትናንት በሠርጉ ላይ ሰማዩን ስትወጉት አየኋችሁ። ሰማዩ ምን በደላችሁ? እኔ በናንተ ዕድሜ የተኮስኩትን ጥይት ቀለህ ፍለጋ ሣር ለሣር በጉልበቴ እድህ ነበር። ቀለህ ከጠፋ ጥይት የለም፤ ጥይት ከሌለ ጠመንጃው ዱላ ነው። እስቲ ተቀመጡ። ስለ ተኩስ አላወራላችሁም፤ እሱን ሁሉም ያወራል። ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ስለሚደረግበት ነገር ልንገራችሁ። በእሱ ጣጣ ሰው ላስገድል ነበር። ያውም የባለቤቴን ወንድም!

ኅዳር ነበር፤ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ ሁለተኛው ኅዳር። እኛ ከደጋው ወርደን፣ ፈጠም ወንዝ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት ቆላ ውስጥ ሰፍረናል። ሰንበሌጡ ፈረሰኛ ይሰውራል። ጠዋት ጤዛው ከአናት እስከ እግር ያጥብሃል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያንኑ አናትህን ይበሳዋል። ትንኙን አታንሱት። የደጋ ሰዎች ነን፣ ቆላ አልለመድንም፤ ወባ በየተራ እየጠራች ታስተኛን ነበር።

ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ማንኩሳ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ከኔ ጋር በሰፈሩ የቀሩት እናቷና ወንድሟ ናቸው። እናቷ፣ ማለት አማቴ፣ እሜቴ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። የተረፈው ይበልጣል ብቻ ነው። ይበልጣል ዕድሜው ከኔ እኩል ነው፤ ሳቂታ፣ ጦረኛ፣ ጠመንጃ የማይወድ። «ጦር አይነክስም፣ ባሩድ አይለምንም» ይል ነበር። ወደ ቆላ የወረድን ዕለት እሜቴ መሬት መሬቱን እያዩ «አደራዎን፣ ይበልጣልን። እሱ ካለ ቤቴ አለ፤ እሱ ከሌለ ደጄን ዝጉት» አሉኝ። ያቺን ቃል ተሸክሜ ነው ቆላ የገባሁት።

መሬት መሬቱን እያዩ ያልኩት ለምን መሰላችሁ? እናንተማ ዛሬ አማታችሁን በስሟ ትጠራላችሁ። እኛ ከአማት ጋር ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ እሳቸው ለኔ አንቱ፣ እኔም ለሳቸው አንቱ። ይህ ቀረ፣ ይህ ጎደለ የሚባል ነገር ካለ በባለቤት በኩል ይነገራል እንጂ ፊት ለፊት አይነገርም። ሙሉ ማንኩሳ ስትሄድ እንግዲህ ያ በር ተዘጋ ማለት ነው።

አሁን ጠመንጃዬን እወቁት። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፈረንጅ አዳኝ ዓባይ ድረስ መርቼ ነበር፤ አገሩ ሲገባ ጠመንጃውን ትቶልኝ ሄደ። እንደ ምንሽር በየጥይቱ እየሳቡ የሚያቀባብሉት አይደለም። አንዴ አቀባብለህ ቃታውን ስትስበው ይተኩሳል፣ ቀለሁን በራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን በራሱ ይጎርሳል። የአንተ ሥራ ቃታውን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው። አምስት ጥይት ይይዛል፤ አምስቱንም ሰው ሦስት ጊዜ እስኪያስል ይጨርሳቸዋል። የሰፈሩ ሰው «ሆዳሙ» ብሎ ስም አወጣለት። እውነታቸውን ነው፣ ሆዳም ነው። ግን ሆዳም ብቻ ቢሆን በወደድኩ፤ መራጭም ነው።

ፈረንጁ የተወልኝ ጥይት በመጀመሪያው ክረምት አለቀ። የጣሊያን ጥይት ደግሞ አይገጥመውም። እና የማረክነውን የጣሊያን ጥይት እየፈታን ባሩዱን እናወጣለን፤ የሰፈሩ አንጥረኛ የኔን ቀለህ በብረት ቅርጽ እየጨመቀ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ ከቂጡ ያለችውን እሳት ጫሪ ይቀይራል፤ እርሳሱንም እሱ አቅልጦ ያፈስሰዋል። ባሩዱን መስፈርና መሙላት ግን የኔ ሥራ ነበር፤ ለማንም አልሰጥም። ከአሮጌ የሽጉጥ ቀለህ ትንሽ መስፈሪያ ሠርቼ፣ በሽቦ እጀታ አበጅቼላት፣ ከአንገቴ ማተብ ጎን አንጠለጥላት ነበር።

«ምን ያጨናንቅሃል? ጠቅጥቀህ አትተኩስም?» ይሉኛል። እንደ ውጅግራ ያለ አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባሩዱ ትንሽ ቢበዛ ትከሻው ነው የሚያውቀው፤ በእጁ ይከፍታል፣ በእጁ ይዘጋል። ሆዳሙ ግን ቀለሁን የሚተፋውም ሌላውን የሚጎርሰውም በባሩዱ ጉልበት ነው። ባሩዱ ሲያንስ ለመትፋት አቅም ያጣል፤ ሲበዛ ቀለሁ ያብጥና ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። ዒላማውም እንደዚሁ ነው። አንዱ ጥይት ሙሉ፣ አንዱ ጎደሎ ከሆነ አንዱ ከፍ ይላል፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ ታዲያ ዓይንህ ቢሳል ምን ይረባል? ስለዚህ መስፈሪያዋን እሞላና አፏን በካራ ጀርባ ጠረግ አደርገዋለሁ፤ ልክ ከአፏ እኩል። ለሁሉም እንዲያው። እርሳሱን አንጥረኛው ብር በሚመዝንበት ሚዛን እየመዘንኩ የከበደውን ከከበደው፣ የቀለለውን ከቀለለው ጋር አደርጋለሁ። ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ለማወቅ በምስማር ጫፍ ጭረት አወጣበታለሁ፤ ሁለት ጭረት ያለው ከሁለት ጭረት ጋር እንጂ ከአራቱ ጋር አይደባለቅም። በዚህ ዓይነት በሰማንያ እርምጃ የሾላ ግንድ ላይ ሦስት ጥይት ስተኩስ ሦስቱንም በመዳፌ እሸፍናቸው ነበር። ሰው «አስማት አለው» አለ። ኧረ ወዲያ! አስማቱ የካራ ጀርባ ነው።

በዚያ ኅዳር ወባዋ እኔንም ጠራችኝ። ሦስት ቀን ጋቢ ደርቤ ተንዘፈዘፍኩ፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲማታ ጎጆው ይሰማው ነበር። መስፈሪያዬን ከአንገቴ ማን እንደወሰዳት አላውቅም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ላብ አጥቦኝ፣ ቀለል ብሎኝ ስነቃ እሜቴ ከደጁ ቆመዋል። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«አንቱ ሲታመሙ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ዐሥሩን ሞላሁልዎ» አሉ። «አንጥረኛው አሳየኝ። ደግሞ ለልጄ ባል ጎደሎ አልሰፍርም፤ አንድ ሳይቀር ከነክምሩ ነው።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። እሜቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲሰፍሩ የኖሩ ሴት ናቸው። በእሳቸው ቤት ቁና በመዳፍ አይጠረግም፤ ጎኑና ጎኑ እስኪፈስ ይከመራል። ለጎረቤትም ሆነ ለለማኝ፣ ለዘር ለሚወስድም ሰው እንዲያው ነው። የቁናን አፍ ጠርጎ የሚሰፍር ንፉግ ነው፣ በረከት ከጎታው ይርቃል፤ እንዲህ ብለው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉ። እና ያቺን የኔን ትንሽ መስፈሪያ በፍቅር ከምረው ከምረው፣ ጠቅጠቅ አድርገው፣ ደግሞ ከምረው ሞሉልኝ። ክምር ደግሞ ክምር ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይተካከልም።

ምን አልኩ? ጎንበስ አልኩና በሁለት እጄ ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አልኩ። አለቀ። ኋላ እፈታቸዋለሁ አልኩ በልቤ፤ ወዲያው ግን እርሳሱ ተጨምቆ በሰም ታሽጓል፤ ስፈታ ያዩኛል፤ ሲያዩኝ ምን እላለሁ? አማቴ በእጃቸው የሠሩልኝን በፊታቸው ላፍርስ? ደግሞስ ምን ያህል ቢበዛ ነው፣ አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ ምክንያት አያጣም።

ለመፍታትም ጊዜ አልነበረም። ጨርቁን ከእጄ ሳላስቀምጥ ውኃ የወረዱት ሴቶች እየጮኹ መጡ። አንድ ብቸኛ ኮርማ ጎሽ የውኃውን መንገድ ይዟል። ከሁለት ቀን በፊት መኪና የሚያጅቡ የጣሊያን ወታደሮች ለጨዋታ ተኩሰው የኋላ ጭኑን አቁስለውት ነበር፤ ቁስለኛ ጎሽ ደግሞ ቂመኛ ነው። በዋዜማው ውኃ የጫነች አህያ ከነቅሏ ቀዷታል፤ ያን ጠዋት ደግሞ አንዲት ሴት ለጥቂት ነው የሳታት። ሌላው የወንዝ መውረጃ ከምሽጉ መነጽር ይታያል፤ በዚያ መውረድ ሰፈሩን ማሳየት ነው። ስለዚህ ወይ ጎሹ ይሞታል፣ ወይ ሰፈሩ በውኃ ጥም ያልቃል።

አለቃችን ጠራኝ። «ከበድ ያለ ጠመንጃ ያለህ አንተ ነህ። ግን በሁለት ጥይት ጨርሰው» አለ። «ጣሊያኖቹ ሁለት ጥይት ቢሰሙ የአዳኝ ነው ብለው ይተዉታል። ከሁለት ካለፈ ባንዳው ሊፈትሽ ይመጣል።»

«በሁለት እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ከወባ ገና መነሣቴ ነው፣ ዝናሬ ውስጥ የእሜቴ ክምር አለ፤ እኔ ግን በሁለት እጨርሰዋለሁ እላለሁ! ወይ ወንድነት።

ፋና የሚያነሡት፣ የአውሬ ዱካ የሚከተሉት፣ አያ ፈንታ ነበሩ፤ ከቡሬ አጠገብ የሆኑ የአዊ ሰው፣ በሽምግልና ላይ ያሉ፣ ከመሬት ጋር የሚነጋገሩ የሚመስሉ። ይበልጣል ጦሩን ይዞ ተነሣ። «አንተ ቅር፣ ሦስት ሰው ኮቴው ይበዛል» አልኩት። «ታመህ ተነሥተሃል፤ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?» ብሎ ቀደመኝ። እሜቴ ከጎጇቸው ደጅ ቆመው ያዩናል። ያቺ የአደራ ቃል አብራኝ ተነሣች።

አያ ፈንታ በትንሽ ከረጢት አመድ ይዘዋል፤ መታ ሲያደርጓት አመዱ ቦነን ይልና ነፋሱ ወዴት እንደሆነ ይነግራቸዋል። ነፋሱ ከወንዙ ወደ እኛ ነበር፤ እሰይ አልን። የጎሹ ፋና በጤዛው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሦስቱ እግር ኮቴ ጥልቅ ነው፣ የኋላ ግራው ግን ይጎትታል፣ ሣሩን ጠርጎት ሄዷል። ደሙ ላይ ዝንብ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እበቱን አገኘን፤ አያ ፈንታ ጣታቸውን ከተው «ትኩስ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ይበልጣል ወደ ኋላ ዘወር ብሎ «ጥይቱን እናቴ ናት የሞላችልህ አሉ?» አለኝ።

«ናቸው።»

«እንግዲያ ጎሹ አለቀለት! እናቴ የሰፈረችው አይጎድልም» ብሎ በአፍንጫው ሳቀ።

አያችሁ፣ ያን ጊዜ ብነግረው ይበቃ ነበር። «ወንድሜ፣ ይህ ጥይት አያስተማምንም፣ ከኔ ርቀህ ከዛፍ ሥር ሁን» ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? ግን የእናትን ጉድለት ለልጅ መናገር አፌን ከበደኝ። አብሬው ሳቅሁ። ደግሞ ሳቄ አስጠላኝ።

ፋናው ወደ ወንዙ መውረዱን ትቶ በሰፊው ዞረ። አያ ፈንታ ቆሙ፤ ለራሳቸው በአገውኛ አጉረመረሙና ወደኛ ዞረው «ይህ የሚሸሽ አይደለም» አሉ። «ዞሮ የራሱን መንገድ እያየ ነው። እየጠበቀን ነው።»

አፋቸውን ሳይዘጉ አየሁት። ሠላሳ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ከዋንዛ ሥር፣ ግማሽ ጎኑ በሰንበሌጥ ተሸፍኖ ቆሟል። ጥቁር ነው፤ ጭቃው ጀርባው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ራሱን ቀና አድርጎ በአፍንጫው ሥር ያየናል። ተንበረከክሁ። ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ልቡ ካለበት አነጣጠርኩ። የራሴ ጥይት ቢሆን ከዚያ ርቀት ዓይኑን ብትሉኝ ዓይኑን ነበር። ትንፋሼን ያዝኩና ሳብኩ።

ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ድምፁ ራሱ የማውቀው ድምፅ አይደለም። ከጎሹ ጀርባ ላይ፣ ካነጣጠርኩበት ከክንድ በላይ ከፍ ብሎ፣ የደረቀው ጭቃ ቡን አለ። ጀርባውን ላጥ አድርጎት አልፏል። ክምሩ ወደ ሰማይ ወስዶት ነዋ! ወዲያው ደግሜ ሳብኩ። ምንም። ቃታው እንደ ሞተ ሰው ጣት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀለሁ አብጦ ከጉሮሮው ተጣብቋል፤ ማቀባበያው ከመንገድ ቆሟል። ሆዳሙ ነከሰ።

ጎሹ መጣ። ቁስለኛ እግሩን ረስቶታል። መሬቱ ከጉልበቴ ሥር ይደልቃል፤ እኔ ማቀባበያውን በእጄ እስባለሁ፣ ጣቴ ይላጣል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። አያ ፈንታ «ዛፍ! ዛፍ!» እያሉ ግራር ላይ ወጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደወጡት እግዜር ይወቅ። እኔ ግን ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም። እግሬ የወባ እግር ነው፤ እነሣ እያልኩ አልነሣም።

በዚህ መሐል አንድ ሰው በፊቴ አለፈ። ይበልጣል ነው። ጎሹን «ና! ወዲህ ና! እኔ አለሁልህ!» እያለ ወደ ጎን ሮጠ። እንስሳው ከኔ ዞሮ ተከተለው። ይበልጣል ዞር ብሎ ጦሩን ሰካበት፤ ጦሩ ትከሻው ላይ ገባና እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ ያየሁት የይበልጣል ጋቢ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ክረምቱ የቆረጠው ጠባብ ፈፋ ነበር፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፣ ስፋቱ ሰው በጎኑ የሚተኛበት። ይበልጣል እዚያ ወደቀ። ጎሹ በላዩ ተደፋ።

ቀንዱ ለፈፋው ሰፊ ነው፤ አልገባ አለው። በንዴት አፈሩን እየናደ፣ ቀንዱን በጎን እያስገባ ይጎተጉታል። በየጉትጎታው ይበልጣል «ወይኔ!» ይላል። ከዚያ «ወይኔ» ማለቱን ተወ።

«አደራዎን» ያሉኝ ሴት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ቁጭ አልኩ፤ የጠመንጃውን ሰደፍ ድንጋይ ላይ አስደገፍኩና አፈሙዙን ከፊቴ አርቄ ማቀባበያውን በተረከዜ ረገጥኩት። አንድ። አልሄደም። ሁለት። ተረከዜ ደማ። «እባክህ፣ አንተ ሆዳም! እባክህ!» እያልኩ በሦስተኛው ባለኝ ጉልበት ሁሉ ስረግጠው ቀለሁ ቂጡ ተቀዶ ዘለለ፤ ማቀባበያውም ቀጣዩን ይዞ ክርችም አለ። ያም የእሜቴ ክምር ነው። ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አላውቅም። ስለዚህ ክምሩና ልኩ አንድ የሚሆንበት ድረስ መቅረብ ነበረብኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አትጠይቁኝ። ሄድኩ። አምስት እርምጃ ድረስ ሄድኩ። የጎሹ ላብና የቁስሉ ግማት አፍንጫዬን ሞላው። ዓይኑን ወደኔ ሲያዞር ነጩን አየሁት። ከጆሮው ኋላ አነጣጠርኩና ሳብኩ።

ጎሹ ጉልበቱ ክድት አለና በፈፋው ላይ ተዘረጋ። ፈፋውን እንደ ክዳን ገጠመው።

ዝም አለ ሁሉም ነገር። «ይበልጣል!» አልኩ። መልስ የለም። «ይበልጣል! ወንድሜ!» የለም። ልጆች፣ እኔ በዚያ ዘመን ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ዝምታ ያስፈራኝ ግን የለም። ለእሜቴ የምነግረውን ቃል ፈልጌ አጣሁት። እንባዬ ያለ ፈቃዴ ወረደ።

ከዚያ ከጎሹ ሆድ ሥር «ኧረ ይህን በሬ አንሡልኝ! ደሙ አፌ ገባ፣ ጾም ነው ዛሬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ተመስገን! አያ ፈንታ ከግራሩ ወርደው መሬቱን ሳሙ። እኔ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እስቃለሁ፤ ሁለታችንም በእጃችንና በተሰበረው ጦር ከጎን አፈሩን ቆፍረን በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ትከሻው ተቀዷል፣ ከጎኑ ሁለት አጥንት ተሰብሯል፣ ከራስ እስከ እግሩ ደምና ጭቃ ነው፤ ግን ይተነፍሳል። አቀፍኩት። «ቀስ! ጎኔን!» ሲለኝ እንኳ ደስ አለኝ፤ የሚያመው ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። እንዲያ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ጎሽ የገደለ ይፎክራል፤ እኔ ለመፎከር አፌን ብከፍት የሚወጣው ልቅሶ ነበር።

ይበልጣል ግን ተቀምጦ ያን የተቀደደ ቀለህ ከሣሩ አነሣው። አገላበጠው። ሆዱ አብጦ ቂጡ ተገንጥሏል። ቀና ብሎ አየኝ።

«እናቴ ናት?»

«ክምሩ ነው» አልኩ።

ቀለሁን ኪሴ ውስጥ ከተተው። «እንዳትነግራት» አለኝ። «ታላቄን ቀብራለች። እኔንም በእጇ ልትገድለኝ እንደነበር ካወቀች አትተርፍም። ጠመንጃው አርጅቷል በላት።» አያ ፈንታም «ልክ ነው፣ ምን ይጠቅማል» አሉ። ተስማማን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከጎሽ ፊት አምስት እርምጃ የቆመው ሰው፣ ከአማቱ ፊት መቆም ስለቀረለት ደስ አለው!

ሰፈር ስንደርስ ሴቶቹ ድምፃቸውን በነጠላቸው አፍነው እልል አሉ። እንስራው ሁሉ ወደ ወንዝ ወረደ። እሜቴ ልጃቸውን ከግንባሩ እስከ እግሩ ዳሰሱት፣ ሳሙት፣ ቁስሉን አጥበው አሰሩለት። ከዚያ ወደኔ ሳያዩ «ጥይቱ ደህና ሠራልዎ?» አሉ።

«ደህና ነው፣ እሜቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያ ደግ ነው! አንጥረኛው ሠላሳ ቀለህ ሰጥቶኛል። ማክሰኞ የጣሊያንን መኪና ሊጠብቁ ወደ መንገዱ ለሚወርዱት ልጆች ሁሉ እኔ እሞላለሁ። ለነሱም እንዲያው ከነክምሩ አደርግላቸዋለሁ፣ የድሃ ልጆች።»

ውኃ ሆንኩ። ማክሰኞ የሚወርዱት ስምንት ናቸው፤ የያዙት አሮጌ ጠመንጃ ነው። ሆዳሙ ቢነክስ ይነክሳል፤ የነሱ ግን ከተሰነጠቀ ፊትን ይዞ ነው የሚሄድ። ይበልጣል ዓይኔን አይቶ ምን እንዳሰብኩ ገባው፤ ከኋላዬ ጋቢዬን ጎተተኝ። ይጎትት ብዬ ተውኩት። ከኪሴ ያን ቀለህ አወጣሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአማቴን ዓይን አየሁ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«እሜቴ፣ ዋሽቻለሁ። አልሠራም። ክምሩ ቀለሁን ቀደደው፤ ጠመንጃው ነከሰ፤ ይበልጣል ሊሞት ነበር። ባሩድ እንደ እህል አይደለም። አፉ ይጠረጋል።»

ቀለሁን አዩት። ልጃቸውን አዩት። ከንፈራቸው ነጣ።

«መቼ አወቅህ?» አሉኝ። አንቱው ጠፍቷል።

«ሲሰጡኝ።»

«ሳትሄዱ በፊት?»

«ሳንሄድ በፊት።»

«እና ዝም አልክ?»

«አፈርኩ፣ እሜቴ።»

«አፈርክ!» ተነሡ። «ልጄን ለእፍረትህ ልትቀብረው ነበር? እኔ የባሩድ ሙያ ማን አስተማረኝ? ቁና ነው የማውቀው፣ ቁና! አትናገርም? አፍ የለህም?» እያሉ ትከሻዬን በመዳፋቸው ይመቱኛል፤ ያን ጠመንጃው የረገጠውን ትከሻ። ይበልጣል ጎኑን ይዞ «እናቴ፣ አታስቂኝ፣ አጥንቴ!» ይላል። እሳቸውም መምታቱን ትተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ትንሽ ቆይተው ያው ነጠላ ሥር ሲስቁ ሰማናቸው። ከላዬ ላይ ዓለት የተነሣልኝ ያህል ተነፈስኩ።

ዓይናቸውን ጠራርገው «ና ቁጭ በል። አሳየኝ» አሉ። መስፈሪያዋን ሰጠኋቸው። ሞሏት፤ ልማድ ነውና ከመሯት። ክምሩን ጥቂት አዩት፣ እንደሚሰናበቱት ሁሉ። ከዚያ ካራዬን ተቀብለው በጀርባው ጠረግ አደረጉት፤ ትርፉ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው፣ እሜቴ።»

«ይህን ለመናገር ጎሽ ያስፈልግህ ነበር?»

ሚዛኑን ወደኔ ሳብኩ። ሠላሳውን ቀለህ ከእሳቸው ጋር ተቀምጠን ሞላን፤ እኔ እርሳስ እመዝናለሁ፣ እሳቸው ይሰፍራሉ፣ ይጠርጋሉ። እጃቸው ከኔ የረጋ ነበር። ማክሰኞ የወረዱት ስምንቱም ጠመንጃቸው ሳይሰነጠቅ፣ ፊታቸው እንደ ፊት ሆኖ ተመለሱ።

ይኸው ሸመገልኩ፤ የካራ ጀርባ ነገርስ ዛሬ ለማን ይጠቅማል? ቀለህም አትለቅሙም። አንድ ነገር ግን አብሮኝ አለ፤ የሚነገር ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሲቆም ያቺ የእሜቴ ጥያቄ ትመጣብኛለች፣ እናገራለሁ። ለሹምም ለቄስም፣ ለአማችም ሆነ ለምራት እናገራለሁ። «አያ ደምለው አፉን አይገታም» ትሉኛላችሁ፣ እሰማለሁ። በሉ። የተቀየመኝ ሰው ቢኖር ሽማግሌ ልኬ እታረቃለሁ። ይበልጣል ከዚያ ፈፋ ሳይወጣ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ማን ሽማግሌ እልክ ነበር?